ፌስታል ያጠለቀ እጅ

አባዬ መኪና አጣቢ ነበር፤ ሰፈሩ ግን «ሐኪም» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በፌስታል ነው። መኪና አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ አድርቆ ሲጨርስ ከኪሱ ስስ ፌስታል ያወጣና እጁን ይከትበታል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከጣሪያው ጀምሮ ቀለሙን ቀስ እያለ ይዳብሳል። ባዶ እጅ የሚያልፈው ሻካራ ነገር በፌስታል ይሰማል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቄ? ጣቴን ጠይቂው» አለኝ።

ውሃና ሳሙና የማያስለቅቁት ብዙ ነው፤ የዛፍ ሙጫ፣ ሬንጅ፣ የፍሬን ብናኝ። ለእነሱ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማጽጃ ነበረው፤ «ጭቃው» እንለዋለን። በሳሙና ውሃ እያራሰ ቀለሙ ላይ ሲያንሸራትተው አዲስ ደንበኞች ይደነግጡ ነበር። ታጥቦ ጭቃ ሌላ ቤት ስድብ ነው፤ እኛ ቤት የሥራ ቅደም ተከተል ነበር። ቀለሙን የሚያብረቀርቀው ሰም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ሳይጠራ ሰም መቀባት ቆሻሻን ማሸግ ነው» ይል ነበር።

አባዬ ያጠባት የመጨረሻዋ መኪና የጡረተኛዋ አዋላጅ ሰማያዊ መኪና ናት። እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ለእህታቸው ልጅ ሊሰጧት ነበር። ጠዋት ቁልፉን ሲሰጡት፣ «ታጥባ እንደተጠቀለለች ጨቅላ አድርገህ አስረክበኝ፣ ባልደረባዬ» አሉት።

እኔ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ አብሬው ነበርኩ። ዳበሰ፣ ዳበሰና፣ «ጠርታለች፤ ሰሙን አቀብዪኝ» አለ።

በራሴ ፌስታል እየዳበስኩ እሱን መከተል የልጅነት ልማዴ ነው። ኮፈኑ ላይ እጄ ቆመ። ስኳር የፈሰሰበት ጠረጴዛ ይመስል ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ የሸሚዙን ቁልፎች ሲታገል ያየሁት ትዝ አለኝ። ብነግረው ሥራውን መቀማት ነው። ዝም ብል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የናቀውን ነገር በገዛ እጁ ሊሠራ ነው። የሰሙ ቆርቆሮ እጄ ላይ ከበደኝ።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ኮፈኑን... እስቲ እንደገና ዳብሰው።»

ዳበሰው። «ምንም የለም።»

«አለ» አልኩ፣ ለራሴም እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ከማዶ ጋራዥ ያለው ቀለም ቀቢ፣ «ኧረ ተዋት፣ ሐኪም! ስትዳብሳት እንቅልፍ ወሰዳት እኮ!» ብሎ ሳቀ። አባዬ ፌስታሉን አውልቆ ጣቶቹን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ አያቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማህ?» አልኩት።

«ከርሟል» አለ። «አንድ ቀን ይመለሳል ስል።»

ቆርቆሮውን ተቀብሎኝ ከደነውና ጭቃውን አነሳ። «በይ አንቺ አድምጪ፣ እኔ አሻለሁ።»

እንደዚያው ሆነ። እኔ «እዚህ» እላለሁ፣ እሱ ያሻል። «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ» እላለሁ፣ ዝቅ ይላል። በመሃል ጭቃውን ላቀብለው ስል ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ጎንበስ ስል፣ «ተዪው!» ብሎ ጮኸብኝ። «መሬት የነካ ጭቃ ቀለም አይነካም! ስንት ዓመት ነው የምነግርሽ?» ሌላ ቆርሶ አወጣ። የድሮ ቁጣው ስለነበር ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አዋላጇ መጡ። «ምርመራው አላለቀም እንዴ፣ ባልደረባዬ?»

«ሁለተኛ ሐኪም አማክረን ነው፣ እትዬ።»

አዋላጇ ፌስታል ያጠለቀውን እጄን አዩ፤ ከዚያ የአባዬን ባዶ እጅ። የእጅ ነገር የሚገባቸው ሴት ናቸው። ወንበር ስበው ጥላው ሥር ተቀመጡ።

ኮፈኑ ዝም ሲል ነገርኩት። ሰሙን ብቻውን ቀባ፤ እኔን አላስነካኝም። ከጣሪያ እስከ በር፣ በትናንሽ ክቦች፣ ሳይቸኩል። አዋላጇ እንደ መስታወት በጠራው የመኪናዋ በር ላይ ፊታቸውን አዩና የአባዬን እጅ ጨበጡ፣ ረዘም አድርገው።

ሰኞ ወደ ትምህርቴ ስመለስ በሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ የገባ ፌስታል አገኘሁ። የሱ ነው፤ ሰም ሰም ይሸታል። እስካሁን አልታጠበም።