አባባ ያንኳኳው በርሜል

ከመርከባችን ኋላ የምንጎትተው መሣሪያ የታመቀ አየር እየተኮሰ በየአሥር ሴኮንዱ ባሕሩን ዱም ያሰኘዋል። እኔ ከታች የሚመለሰውን ድምፅ አንብቤ ከባሕሩ ወለል ሥር ነዳጅ ይኑር አይኑር እናገራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ግን ራሴን በመቱ ከተማ፣ አባባ ሱቅ ውስጥ አገኘዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ላምባ የሚሸጠው በኮታ ነበር። አባባ የበርሜሉን ሆድ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። "ስሚ፣ ባዶው ይጮሃል፤ ላምባ ያለበት ድምፁን ይውጠዋል" ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሊፈትሽ መጣ። አባባ ከሩቁ ያዮ በእግር ለሚመጡ ደንበኞቹ አንድ በርሜል ጓዳ ደብቆ ነበር።

"እሱ ባዶ ነው፣ ጓድ" አለ።

እኔ የሰባት ዓመቷ ሊቅ ዘልዬ ገብቼ አንኳኳሁ። "አይደለም አባባ፣ እስከዚህ ድረስ አለ!" አልኩና በአቧራው ላይ በጣቴ አሰመርኩ።

ሲወስዱት ዞር ብሎ "ጆሮሽስ ጎበዝ ነው" አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ወር ሲፈታ ከጥፊው ብዛት ጆሮው አልሰማ ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲያ በርሜል በመጣ ቁጥር "ነይ፣ አንቺ ስሚልኝ" ይለኛል። እስኪሞት ድረስ ያን ቀን አንድም ጊዜ አላነሳብኝም።

መርከቡ ላይ ወጣቶቹ "ይህን ጆሮ ከየት አመጣሽው?" ሲሉኝ፣ የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም እነግራቸዋለሁ።