ሳሙና ፖለቲካ አይደለም

አትላንታ ከገባሁ በኋላ ረጅም ጊዜ የሠራሁት ዶራቪል፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ በነበረ የቬትናሞች ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ ወደ ቬትናም ዕቃ ይልካል። ባለቤቱ በተሸነፈው የደቡብ ቬትናም ጦር ውስጥ ሻለቃ የነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት እስር ቤት የማቀቁ፣ እርጅና ያላጎበጣቸው ሰው ናቸው። ሁሉም ሻለቃ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሚስታቸው በዕድሜ ብዙ ታንሳቸዋለች። ሥራውን የምንሠራው እኔና እሷ ነበርን። እሳቸው ስልክ ያነሳሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ይቆጣሉ።

ያን ጊዜ አሜሪካ በቬትናም ላይ የጣለችው ማዕቀብ ገና አልተነሳም። ንግድ ክልክል ነው፤ ለዘመድ የሚላክ ስጦታ ግን በሌላ አገር ዞሮም ቢሆን ይገባ ነበር። የምንልከው ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ የራስ ምታት ክኒን ነው። መጀመሪያ ሰሞን፣ ይህ ሁሉ ሳሙና ለምን ይሆን እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እዚያ የአሜሪካን ሳሙና ብርቅ ስለሆነ ዘመዶቻቸው አይታጠቡበትም፤ ይሸጡታል። የሻለቃው ሚስት እናት ሳይጎን ከተማ ውስጥ ደጃፋቸው ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ልጃቸው የምትልክላቸውን ሳሙና አንድ አንድ እያሉ በመቸርቸር ነበር የሚኖሩት።

ስለዚህ አስተሻሸጋችን የራሱ ወግ ነበረው። የዋጋው ወረቀት በፀጉር ማድረቂያ እየሞቀ፣ ምልክት ሳይተው ይላጣል። መጠቅለያው ትንሽ እንኳ የተጨማደደ ሳሙና ለብቻው ይቀመጣል፤ እዚያ ገዢው የሚከፍለው ለሳሙናው ብቻ ሳይሆን ለወረቀቱም ነውና። የእናቷን ካርቶን ደግሞ ሴትየዋ ለማንም አታስነካም። ሳሙናዎቹን ጽሑፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ ስትደረድር እናቷ ክዳኑን ሲከፍቱ የሚታያቸውን እያሰበች እንደሆነ ያስታውቅባታል።

ከባንኮኒው ጀርባ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት ቢጫ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ የድሮ አገራቸው ባንዲራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀድሞ መኮንኖች ጓዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ የማኅበራቸው ሰብሳቢ ሻለቃው ናቸው። ሁሉም ማዕቀቡ ኮሚኒስቶቹን አንቆ ይጥልልናል ብለው ያምናሉ። አንድ ቀን ዝም ማለት አላስቻለኝም።

«ሻለቃ፣ ታዲያ እኛ በካርቶን እያስገባንላቸው አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሳሙና ፖለቲካ አይደለም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳይነቅሉ።

በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ ብርዱ ሳያልፍ፣ ማዕቀቡ ተነሳ። በዚያው ሰሞን ባንኮኒው ላይ ባለችው ቴሌቪዥን ሳይጎንን አየናት። መንገድ ላይ በአየር የተነፋ፣ ቤት የሚያህል የለስላሳ ጠርሙስ ቆሟል፤ ሕዝቡ ከቦት ያጨበጭባል። የለስላሳው ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ አትላንታ ነው። በከተማችን እሱን የማይሸጥ ሱቅ የለም፤ የእኛም ማቀዝቀዣ ሙሉ ነበር። ሻለቃው ተነሱና ማቀዝቀዣውን ከሶኬቱ ነቀሉት። ከዚያ ጠርሙሶቹን በገዛ እጃቸው እያመላለሱ ሱቁ ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጨመሩ።

«እያንዳንዱ ጠርሙስ ለአሳሪዎቼ ደሞዝ ነው» አሉ ሲጨርሱ።

ቅዳሜ ዕለት መኮንኖቹ አጨበጨቡላቸው። ማንም ወደዚያ አገር እንዳይሄድ፣ የሄደም ከማኅበሩ እንዲሰረዝና ከሱቁም ዕቃ እንዳይገዛ ወሰኑ።

እራት ላይ ይህን ለባሌ ነገርኩት። ያስቀዋል ብዬ ነበር። እሱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፖለቲካ ሲሰማ ይውላል።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ። «እኛስ ያን የሐበሻ ሬስቶራንት ቦይኮት አድርገን የለ?»

እውነቱን ነው። ባለቤቱ የአገር ቤቱ መንግሥት ደጋፊ ነው ስለተባለ ከዚያ ቤት እግራችንን አንስተናል። ጥብሱ አሁንም ያምረኛል። የሰውየውን ፖለቲካ ግን እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ ሰው አለ፣ እኛም ተውን።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሴትየዋ በፀጉር ማድረቂያው ወረቀት እያሞቀች፣ እናቷ በስልክ ያሏትን ነገረችኝ። «ሳሙናውን ተይው። አሁን በየሱቁ ሞልቷል፣ የእኔን የሚገዛኝ የለም። አንቺ ነይ» ነው ያሏት። እግራቸው አብጧል፤ ትንፋሽም ያጥራቸው ጀምሯል። ይህን ከጨረሰች በኋላ አንድ ሻንጣ ገዝታ ኖርክሮስ እኛ ቤት እንዳስቀምጥላት ለመነችኝ። ሻለቃው እንዲያዩት አልፈለገችም።

ሲጣሉ በቋንቋቸው ነበር የሚጣሉት። የዚያን ቀን ግን እሷ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ምስክር እንድሆናት ይመስለኛል።

«እናቴ ታማለች። ልሂድ» አለች።

«ያ መንግሥት እያለ አይሆንም።»

«መንግሥትን ልጠይቅ አይደለም የምሄደው።»

«አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርትሽን የምትሰጪው ለማን ነው? እኔን ላሰሩኝ። ቅዳሜ እነዚያን ሰዎች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ሳሙና ፖለቲካ አይደለም ብለህ አልነበር?» አለቻቸው። «እናቴ ናት እንዴ ፖለቲካ?»

ሻለቃው ማሸጊያውን ፕላስተር አንስተው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ካርቶን ማሸግ ጀመሩ።

«ሻለቃ፣ እናት እኮ ናቸው፤ ይፍቀዱላት» አልኩ።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም» አሉኝ። ሁለት ልጆች የወለድኩ ሴት ነኝ። አናደዱኝ። ግን ፕላስተሩ ከጣታቸው ጋር ሲጣበቅ አየሁ። እስር ቤት የሆኑትን ሚስታቸው ነግራኛለች፤ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከእንቅልፋቸው እየጮኹ ይነሱ ነበር። እንደ ልቤ ልጠላቸው አልቻልኩም።

እሷም «እስኪበርድለት ልታገሠው» አለች። ሻንጣው ከሶፋችን ጀርባ ቆመ። ልጆቼ ይቀመጡበት ጀመር።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እሷ የደንበኛ ካርቶን እያሸገች ነበርና በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ አነጋገረች። ፊቷን ሳይ ገባኝ። በእኛ ወግ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን ቆሞ በስልክ አይሰማም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚያረዳው። ልይዛት ባንኮኒውን ዞሬ ሮጥኩ። እሷ ግን ስልኩን አስቀምጣ ፕላስተሩን ሳበች፣ ካርቶኑን ጨረሰች፣ አድራሻውን ጻፈች፣ ደንበኛውን አመስግና ሸኘች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ካርቶኖቹ መሃል ቁጭ አለች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

የቀብሩ ቪዲዮ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያመጣው ሰው ወደዚያው በመሄዱ ከማኅበሩ የተሰረዘ ነበር፤ ካሴቱን በሩ ላይ ሰጥቶኝ ሳይገባ ተመለሰ። ቅዳሜ ከሰዓት መኮንኖቹ ለለቅሶ መጡና ሱቁን ዘግተን ካሴቱን ከፈትነው። ሻለቃው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሴትየዋ አጠገቤ ቆማለች።

የእናቷ ደጃፍ ታየ። ዝናብ ይወርዳል። ለቀስተኛው ሁሉ የተጠለለው ከጎረቤት ሻይ ቤት በመጡ ትልልቅ ቀይ ጃንጥላዎች ሥር ነው፤ ጨርቃቸው ላይ የከተማችን ለስላሳ ስም በነጭ ተጽፏል። የሳሙናው ጠረጴዛ ግድግዳውን ተጠግቷል፤ የለስላሳ ሣጥኖች ተደርድረውበታል፣ ልጆች እየወሰዱ ይጠጣሉ። ሬሳው ሲወጣ አንድ ጎረምሳ አንዱን ጃንጥላ ከነዘንጉ ነቅሎ ከሬሳ ሣጥኑ በላይ ያዘላቸው። ካሜራው ተከተለው። ያ ስም መንገዱን ሙሉ ከሬሳው በላይ እየተወዛወዘ ሄደ።



«ከዚህ እኮ ነው የሄደው» አለች ሴትየዋ በእንግሊዝኛ። «ቢሮው ከእኛ ሱቅ በመኪና ቅርብ ነው።» ቀጥላም፣ «እንኳን እሱ ደረሰላት» አለች።

መኮንኖቹ አንገታቸውን ደፍተው ተራ በተራ ወጡ። ሻለቃው አልተነሱም። ካሴቱ አልቆ ቴሌቪዥኑ እየተንሿሿ ነው፤ የሚያጠፋው የለም። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳያዞሩ፣

«አሁን መሄድ ትችያለሽ» አሏት።

«ማን ጋ?» አለች።