የሳሉጉ ፎቶ

ባለፈው መታወቂያ ላሳድስ ገብቼ፣ ፎቶ የምታነሳው ልጅ ሳትነግረኝ ፍላሹን ቦግ አደረገችብኝ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ቆምኩ። «ምነው እትዬ፣ ደነገጡ?» ብላ ሳቀች። ምን ልበላት? ፍላሽ የምፈራበትን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት አጎቴ ከሱዳን በኩል ኪስ የምትገባ ዲጂታል ካሜራ አመጣልኝ። ኮኪት አጠገብ የሰሊጥ እርሻ ነበረው። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ ነው የምንላቸው፤ እነሱን ነዶ አጠገብ እያቆምኩ አነሳ ነበር። ጉራዬ ለጉድ ነው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አጎቴ ጠራኝ። አንድ ሳሉግ በወባ ሞቷል። ጎጃሜው ከማለት በቀር አገሩንም ሆነ ስሙን በቅጡ የሚያውቅ የለም፤ ኪሱ ውስጥም ወረቀት አልተገኘም። በዚያ ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያድርም። «ሳይቀበር መልኩን አንሽልን። ነገ ሰው ፈልጎት ቢመጣ በምን ያውቀዋል?» አለኝ። እንቢ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ካሜራዋን ይዤ ተከተልኩት።

ሬሳው ያለባት ጎጆ መስኮት የላትም። የላብና የሰሊጥ ሽታ ታፍኖባታል። ሲያስታምሙት የነበሩ አንድ ሸበቶ ወሎዬ ሳሉግ ከራስጌው ተቀምጠዋል። ካሜራዋን ደቅኜ ተጫንኩ። በብልጭታው የሟቹ ዓይኖች ገርበብ ብለው እኔን ያዩኝ መሰለኝ። ጮኼ ወጣሁ፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ነይ» አሉኝ ሰውዬው። ያነሳሁትን አሳየኋቸው። ፍላሹ ፊቱን ዱቄት የተነፋበት አስመስሎታል። «ይሄንንማ የወለደችውም አታውቀው» አሉ። ከዚያ ዓይኑን ከደኑ፣ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ አለበሱት። እኔም ብርሃኑ እንዲለዝብ የሻሼን ጫፍ ፍላሹ ላይ ጋረድኩ። ፍላሹ እስኪሞላ ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያቺን ጥቂት ጊዜ ከሬሳ ጋር ተፋጥጦ መጠበቅ ለጠላትም አይስጥ። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ግን መልኩ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

በዓመቱ፣ ሳሉጎች ሲወርዱ አንዲት የጎጃም እናት ልጃቸውን ፍለጋ አብረው ወረዱ። አጎቴ ነገሩ ገባውና ሽማግሌዎች ሊያነጋግር ወጣ፤ መርዶ በወጉ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። እኔ ግን ዓመት ሙሉ «ባታውቀውስ» እያልኩ ስጨነቅ ከርሜ መታገሥ አቃተኝ። ካሜራዋን አምጥቼ ሰጠኋቸው።

«እሱ ነው! ልጀ ነው» አሉ። ስክሪኑን ደጋግመው ሳሙት። «ምነው፣ ተኝቶ ሳለ ነው ያነሳሽው? ዛሬስ የት ነው ያለ?»

ጎጆዋ ውስጥ የያዘኝ ፍርሃት እንደገና ያዘኝ። «አዎ እናቴ፣ ደክሞት ተኝቶ ነው። አሁን ለሥራ ወደ ገለጉ ሄዷል» አልኳቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ። ያን ዕለት እራታቸውን እየሳቁ፣ የልጃቸውን የሕፃንነት ነገር እያወሩልን በሉ። ተመልሶ የዋሸሁትን የሰማው አጎቴ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሲነጋ ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሯቸው። ሴትዮዋ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ አልዞሩም። እኔን ነበር የሚያዩት።