እናቴና የቅዳሜው ኦርጋን

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ከሰፈራችን ከሊንደበርግ ወደ መሀል ከተማ ስሄድ፣ ባቡሩ ውስጥ አጠገባችን የቆመው ሰውዬ ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርት ለብሶ ነበር፤ ያ እርጥብ የሱፍ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ ባንዴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ እማዬ ቅዳሜ ጠዋት ሄልስፊር የሚባል ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን ታጸዳ ነበር፤ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እኔም አብሬያት እሄድና እሷ ስትወለውል እኔ የአለቆቹ ወንበር ላይ ስሽከረከር እቆያለሁ። አንድ የመከር ቅዳሜ ከሥራ ወጥተን መሀል ከተማ ስንደርስ ዝናቡ ወረደብን፤ ፊት ለፊታችን የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሰው ይገባል። «ቤተ ክርስቲያን ተከፍቶ እያዩ አይታለፍም» አለችና እጄን ይዛኝ ገባች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ የኔንም አስወለቀችኝ። ያገሬው ኖርዌጂያን ጭቃ የነካ ቦቲውን እንደተጫማ ሲያልፍ፣ እኛ በእርጥብ ካልሲ የእግራችንን ቅርጽ ወለሉ ላይ እያተምን ሄደን፣ እርጥብ የሱፍ ካፖርት በሚሸተው ሕዝብ መሀል ተቀመጥን። ከፊታችን የክፍሌ ልጅ ኢንግሪድ ከአያቷ ጋር ተቀምጣለች። ዞር ብላ ካልሲዬን አየችው።

የኦርጋን ኮንሰርት መሆኑን ያወቅነው የመጀመሪያው ድምፅ ሲመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ከከበሮና ከጽናጽል ሌላ ሰምታ የማታውቀው እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። የኦርጋኑ ወፍራም ቧንቧ ሲነፋ የወለሉ ሳንቃ ይንቀጠቀጥና ንዝረቱ በውስጥ እግራችን በኩል ሽቅብ ይወጣል።

«ሰውየውስ የታለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ከኋላችን፣ ሰገነቱ ላይ» አልኳት።

ሌላው ሰው እየዞረ ሲያይ፣ እሷ ለመቅደስ ጀርባ አይሰጥም ብላ አንገቷን እንኳ ሳታዞር፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ፈገግ እንዳለች እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅም ሰው ለማጨብጨብ እጁን ሳያነሳ እልልታዋን ለቀቀችው።

ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። እኔ ወንበሩ ሥር ብገባ በወደድኩ። ከሰገነቱ አንድ የሸበተ ራስ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ወዲያው በጠመዝማዛው ደረጃ የሚወርድ ኮቴ ተሰማ። ሊያስወጡን ነው ብዬ ጫማዎቻችንን በዓይኔ ፈለግሁ። ሽማግሌው ኦርጋን ተጫዋች ግን ፊታችን መጥተው ቆሙና «እናትሽ ያደረገችው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«በኛ አገር እግዚአብሔር የሚመሰገነው እንዲህ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰብ አድርገው «እኔ ስጫወት ሰው አይታየኝም፤ ደስ ይበለው አይበለው አላውቅም። ዛሬ አወቅሁ። የሚመጣው ቅዳሜስ ትመጣለች?» አሉ። ስተረጉምላት እማዬ በምታውቃት አንዲት የኖርዌጂያን ቃል «ያ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

ሰኞ ዕለት የፈራሁት ፌዝ አልመጣም። ኢንግሪድ እልልታ እንዳስተምራት ለመነችኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሆነን ስንለማመድ አስተማሪያችን ሰው የተጎዳ መስሏት እየሮጠች መጣች። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ቅዳሜያችን የኦርጋን ሆነ። ሽማግሌው የመጨረሻውን ድምፅ ከለቀቁ በኋላ የእማዬን እልልታ ይጠብቁ ነበር፤ የኢንግሪድ አያት ደግሞ ላግዛት ብለው ሲሞክሩ ጉሮሯቸውን በውሃ የሚያጉመጠምጡ ይመስሉ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልተዉም።

ዛሬ ሽማግሌው የሉም፤ የኢንግሪድ አያትም የሉም። የምትጫወተው አንዲት ወጣት ናት፤ ጎበዝ ናት። የእናቴ ጆሮ ግን ደክሟል፤ ያን ሁሉ ዓመት በቃሏ ታንጎራጉረው ከነበረው ዜማ አሁን የሚደርሳት ወፍራም ወፍራሙ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ መሀል ላይ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ሲያዜም፣ ዞር ብላ ፊቴን አየች።

«አለቀ?» አለችኝ፣ ሹክሹክታ መስሏት ጮክ ብላ።

አፌን ከጆሮዋ አስጠግቼ «ገና ነው እማዬ» አልኳት። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ መጠበቋን ቀጠለች።