ለይቅርታ የተመረጠ ቦታ

ብርሃነ መስቀል በደብረ ብርሃን ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ሆኖ ሠርቷል። በእነዚያ ዓመታት የገባበት ክፍል ሁሉ ቆሻሻ፣ ያዳመጠው መምህር ሁሉ ሰነፍ ነበር፤ ሪፖርቶቹ እንደዚያ ይላሉ። ጡረታ ሲወጣ የሚመረምረው ትምህርት ቤት ስላጣ ከተማውን መመርመር ጀመረ። እሱ እንደሚለው ሰው ሲበላ አፉን አይገጥምም፣ ሲያወራ ይጮኻል፣ ልጁን ሲያዝናና ጎረቤቱን ያደነቁራል።

በዚህ ዓመት ግን አንድ ሰው አስፈለገው። ታላቅ እህቱ አሰገደች አንኮበር ተቀምጣ ገብስና ባቄላ ትነግዳለች። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። አባታቸውንም አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ አራት ዓመት አስታማለች። ከሰባት ዓመት በፊት ብርሃነ መስቀል በአባታቸው ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ያስታመምሽው ለቤቱ ብለሽ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አሁን የሰባት ዓመቱ ተዝካር አንድ ወር ቀርቶታል፤ የንስሐ አባታቸው ቄስ ዘሥላሴም እህቱን ሳይታረቅ በተዝካሩ ከሟቹ ልጆች ጋር እንደማይቀመጥ ቁርጡን ነግረውታል።

ደንቡ የታወቀ ነበር። በአደባባይ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ ይቅር ሲባል ያወርዳል። ብርሃነ መስቀል ድንጋይ ተሸክሞ መታየት አልፈለገም። ምሳ ሊጋብዛትና ነገሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ሊጨርሰው አሰበ። ለዚህ የሚያውቀው ሰው የማይደርስበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልግ ነበር።

በበሬሳ ወንዝ ዳር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቤተሰብ መዝናኛዎች ተደርድረዋል። አየር የተሞላ የልጆች መንሸራተቻ አለ፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሲበረታ ወደ አንድ ጎኑ ይጎብጣል፣ ልጆቹም አብረው። ሐምራዊ ጨርቅ ለብሶ ለፎቶ የሚቆም ፈረስ አለ። እያንዳንዱ ምግብ ቤት ሁለት ሁለት ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ገትሮ የጎረቤቱን ዘፈን ለመዋጥ ይታገላል። አባቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ እናቶች የልጆች ጃኬት ታቅፈው ይቆማሉ። መዝናናት የሚሉት ይህን ነው።

ብርሃነ መስቀል ሦስት ቤቶች ገብቶ ሦስቱንም ናቀ። በአንዱ ወንዙን የሚጋርድ ጄኔሬተር ነበረ። ረቡዕ ቀን፣ ከሁሉም ማዶ፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ በሚተኛበት ቦታ በእንጨት የተሠራ አንድ ቤት አገኘ። ከቤቱ ባለቤትና ከሚያንቀላፋ ዘበኛ በቀር ማንም የለም። ሻይ ጠጣ፤ ውሃው ሲፈስ ይሰማል። ዓርብ ተመልሶ መጣ፤ ያው ነው። ሁለት ጊዜ ማየት በቃው። የቤቱን ባለቤት ፋናን ለእሑድ ውሃው ዳር ያለውን ጠረጴዛ እንድትይዝለት አዘዛት። ስለ እሑድ አንድ ነገር ልትነግረው ስትጀምር ማብራሪያ እንዳልጠየቃት ገልጾላት ሄደ።

እሑድ አሰገደች በጠዋቱ ሚኒባስ መጣች። በመንሸራተቻውና በፈረሱ አጠገብ እያሳለፋት፣ እነዚህ ሰዎች መቀመጥ እንኳ እንዳልተማሩ፣ እሱ የሚወስዳት ቦታ ግን ሰው ገና ያልደረሰበት መሆኑን አስረዳት።

ከቤቱ በር እስከ መንገዱ ሰው ተሰልፏል። ውስጥ ጠረጴዛው ሁሉ ሞልቶ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ ላይ አቀርቅሮ፣ ልጆች አጥንቱን ወደ ውሃው ይወረውራሉ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንሸጠው ዓሣ ብቻ ነው» አለችው ፋና። «ረቡዕና ዓርብ ማን ይመጣል?»

ረቡዕና ዓርብ በሚጾም አገር ስድሳ ዓመት ኖሯል። በሩ ላይ የተሳለውን ትልቅ ዓሣም አይቶት ነበር፤ ያየው ግን ሥዕሉ መጥፎ መሆኑን ለመፍረድ ነው።

ያስያዘው ጠረጴዛ ባዶውን ቆይቶታል፤ በአንድ ወገን የልደት ድግስ፣ በሌላው ሰነፍ ብሎ የጻፈባቸው ሁለት መምህራን። አሰገደች አጥንቱን እየለቀመች ቀስ ብላ በላች። ሳህኗን ስትገፋ ብርሃነ መስቀል ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ተናገረ።

«አልሰማሁም» አለች።

ደገመው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ።

«ብርሃኔ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስትናገር እኮ ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር።»

«እትዬ፣ ሰው አለ።»

«ያኔም ሰው ነበረ።»

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ይነሣና ይቅርታውን እዚያው ጮክ ብሎ ይናገር፤ ሽማግሌውም ድንጋዩም ይቅርለት። ይህን የመሰለ ርካሽ እርቅ በአንኮበር ለማንም ቀርቦለት አያውቅም። ብርሃነ መስቀል ወደ መምህራኑ ተመለከተ። አንዱ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። እሱም መልሶ ሰላምታ ሰጠና፣ እህቱን ሌላ ዓሣ ይጨመር እንደሆነ ጠየቃት።

አሰገደች እጇን ታጥባ፣ በደንብ መብላቷን ነግራው፣ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

ተዝካሩ ላይ ከሩቅ ከመጡት እንግዶች ጋር፣ ከድንኳኑ መጨረሻ ተቀመጠ። ከአሊዩ አምባ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ ሟቹ ምኑ እንደነበሩ ጠየቀው።

«አውቃቸው ነበር» አለ።