ከስልክ የተገዘተው ሞላ

አርብ ጠዋት፣ ንፋስ መውጫ

አረቄ ካቆምሁ ሁለት ወሬ ነው። ብቻዬን አላቆምሁም። ቴሌግራም ላይ አሥር የምንሆን ጠጪዎች አለን፤ ማታ ማታ «ዛሬም አልቀመስሁም» እያልን ድምፅ እንላላካለን፤ መልክ ለመልክ አንተዋወቅም። ከመካከላችን አንዱ፣ ወገዳ ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሞላ፣ አራት ቀን ጠፋ። ስልኩ ዝግ። መጀመሪያ ጠጥቶ ያፈረ መስሎኝ ሰደብሁት። በኋላ ግን «ዳግመኛ ከጠጣሁ ገደል ነው የምገባው» ያለን ትዝ አለኝ። ልፈልገው ወጣሁ።

አርብ ገበያ

ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አምስት ሆነን ተጠቀጠቅን። «ጆንያ ነን እንዴ?» ስለው ረዳቱ «ካልተመቸህ በእግርህ!» አለኝ። አርብ ገበያ ስንደርስ የገበያተኛው አህያ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሾፌሩም ምሳ ብሎ ወረደ። እኔ ሽሮ ያዘዝሁበት ቤት ለካ አረቄም ይሸጣል። ሽታው ሲመጣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁት። አጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ፣ «ጎረምሳው፣ ብርድ መትቶሃል፤ አንድ መለኪያ ልጋብዝህ?» አሉኝ።

«ይቅርብኝ አባባ፣ አሞኛል» ብዬ ሽሮዬን ጥዬ ሮጥሁ። ፈሪ በሉኝ።

ወገዳ

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ አጥንት ያላቅቃል። ገደል ባየሁ ቁጥር ታች ሞላ የተኛ ይመስለኛል። ወገዳ ገብቼ ወፍጮ ቤቱን ባገኘው በሩ ዝግ ነው። ሞላ እያልሁ ዙሪያውን ተጣራሁ። አንዲት ጎረቤት «ሞላን ነው? ቤቱ አለ፤ ከሰው አልገናኝ ብሏል» ብላ አሳየችኝ። በሩን ደበደብሁት።

«ሞላ! እኔ ነኝ!»

«ድምፅህን አወቅሁት» አለ ከውስጥ። ሲከፍትልኝ ዐይኑ ጎድጉዷል፤ አረቄ ግን አይሸትም።

«ታዲያ ምን ሆነህ ጠፋህ፣ አንተ ጅል?»

«የነፍስ አባቴን ከአረቄ ይገዝቱኝ ብዬ ለመንኋቸው። ማታ ማታ ኃጢአታችንን በስልክ እንነጋገራለን ብላቸው፣ ከስልኩም ገዘቱኝ። ግዝት አልጥስ ነገር! ብቻዬን ደግሞ አልቻልሁም። ዛሬ ማታ የአረቄውን ግዝት መጣሴ አይቀርም፤ እጠጣለሁ።»

ደሜ ፈላ። የነፍስ አባቱን አባ አለሙን አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ አገኘናቸው።

«አባ፣ ሰው ሊገድሉ ነው!» አልሁ።

«ኃጢአት ለካህን እንጂ ለስልክ አይነገርም» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«እስኪ መጀመሪያ ይስሙት!» ብዬ አንዱን ድምፅ ከፈትሁላቸው። የአንዲት ሴት ነው፦ «ዛሬ ልጄን አጠብሁ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም።»

«ማን ናት?»

«አናውቃትም።»

«ድገመው።»

ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ከስልኩ እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ከአረቄው ግን እንደታሰርህ ነህ» አሉት። ሞላ መሬት ሳመ። ደስታዬን ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? መጠጣትህን ከቤትህ ማን ያውቃል?»

«ማንም። እናቴ እንኳ አታውቅም።»

«በል፣ ለእናትህ ሳትነግር እህል እንዳትቀምስ ገዝቼሃለሁ።»

«እንዴ አባ! እኔ ምን አደረግሁ?»

ሞላ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ያን ማታ ቤቱ እሱ ሲበላ እያየሁ አደርሁ።

ቅዳሜ፣ ቤት

በገደሉ ስመለስ የፈራሁት ገደሉን አይደለም። እናቴ ገና ስገባ ምሳ አቀረበች፣ ከጎኑ ጠላ። ለማላውቃቸው ሰዎች በስልክ እንደ ውሃ የሚወርድልኝ ቃል እሷ ፊት ጠፋኝ፤ እንጀራውን ወደ ጎን ገፋ አደረግሁ። ይቺን አንዲት ነገር ነው ከመንገዱ የተማርሁት፦ ለሩቅ ሰው መናገር አዳነኝ፣ ግን ከቅርብ ሰው መደበቂያም አድርጌው ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ጠጪ ነበርሁ» አልኋት።

የጠላውን ማሰሮ አንስታ ጓዳ አስገባችና ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በል፣ አሁን ብላ» አለችኝ።