ያልታጠነው ቀፎ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ነሐሴ ነበር። ከየካ ወደ እንጦጦ ጭራሮ ለቀማ ወጥቼ በገበሬ ማኅበሩ ንብ ማነቢያ ሳልፍ መሬቱ ጠቁሯል። የሞተ ንብ ነው። የቀፎዎቹ አፍ በቡናማ ተቅማጥ ተለቅልቋል። በሽታውን አውቀዋለሁ።

አባቴ ንብ ያረባ ነበር። ክረምት ንቧ እርጥበት ውስጥ ተዘግታ ስትሰነብት ዓይን የማያየው ተባይ ሆዷ ውስጥ ይራባባታል፣ ሐምሌና ነሐሴ ትረግፋለች፣ አደይ ሲፈነዳ የተረፈችው ታገግማለች ይለን ነበር። ንብ ያለቀበትን ቀፎ በወይራ ጭስ ሳታጥኑ ሌላ ንብ አታስገቡ፣ በሽታው እዚያው ያደፍጣል ይል ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የእኔ ንብ በዚሁ አለቀ። ግንቦት ላይ ማኅበሩ ቀፎ አዋጡ ሲል ያንኑ ቀፎ ሰጠሁ። አላጠንኩትም። ለምን? የእኔ ላልሆነ ንብ ማን ይደክማል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከመንግሥት የተላከ ካድሬ መጣ። ከንቡ ጠባቂ ከጋሽ ወርቁ ጎጆ ለትኋን ያስቀመጡት የተባይ መርዝ፣ ዲዲቲ ተገኘ። አሻጥር ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ካድሬው ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የንብ አርቢ ልጅ ነሽ። በሽታ ነው ወይስ መርዝ?»

በሽታ ነው ብል ከማን ቀፎ መጣ ይለኛል። ባሌ ሞቷል፤ ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?

«መርዝ ነው» አልኩ።

እኔ አልኩ። ዱላ ያነሳብኝ አልነበረም፤ በገዛ አፌ አልኩ።

ጋሽ ወርቁን የፊጥኝ አስረው በአጠገቤ ሲያሳልፏቸው ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ ቀፎ ሳታጥኚ ለሰው አትስጪ» አሉኝ።

ያውቁ ነበር! ቀፎውን ከእጄ የተረከቡት እሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ የምታሰረው እኔ ነበርኩ። ለምን ዝም አሉ? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። የምጠይቃቸው ግን እሳቸውን አይደለም፤ አልተመለሱም።

መስከረም ሲጠባ የተረፉት ንቦች አገገሙ። መርዝ ቢሆን አደይ ያድናቸው ነበር? አገሩ ሁሉ አየ፣ አገሩ ሁሉ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ለልጆቼ ስል ነው አልልም፤ እሳቸውም ልጆች ነበሯቸው። ይቅር በሉኝም አልልም። የሆነውን ብቻ እነግራችኋለሁ። ጋሽ ወርቁ የተወሰዱ ዕለት ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። ቤቴ ገብቼ በሩን ቀረቀርኩት። ልጆቼ ምድጃው ዳር ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆየሁ። የተከተለኝ ሰው አልነበረም።

እኔ ድኛለሁ።